የሦስተኛው ጎማ ተራ

ለሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ባለሦስት እግር ሞተር ማስረከብ ትልቅ ስህተት ነው። ለእኔ ግን አስረከቡኝ። ያን ጊዜ ጅጅጋ ውስጥ የእንስሳት ጤና ረዳት ሆኜ ተመድቤ ነበር። ከደብረ ብርሃን የመጣሁ፣ ከብት ከመውጋት በቀር ይህ ነው የሚባል ሙያ የሌለኝ ሰው ነበርኩ። ጦርነቱ ካለፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ከተማው ግን ጥይት የበሳሳውን ግድግዳ ለስኖ ገና አልጨረሰም። መርፌ የያዘን ሁሉ ዶክተር ማለት የአገሩ ልማድ ስለሆነ እኔም ዶክተር ተባልኩ። እውነቱን ለመናገር አልጠላሁትም።

ሞተሩ በቀኝ ጎኑ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ወንበር ተገጥሞለት፣ ከወንበሩ ውጪ ደግሞ ሦስተኛ ጎማ የተበጀለት፣ የወታደር አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ነው። ከየት እንደመጣ በመሥሪያ ቤታችን በቅጡ የሚያውቅ አልነበረም። የሚነዳው ጠፍቶ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ ቆሞ ሳለ "እኔ እሞክራለሁ" አልኩ። አንድ ሽማግሌ መካኒክ ሁለት ሳምንት ሙሉ እየተሳደበ አስተማረኝ።

ነድታችሁት የማታውቁ ከሆነ ምኑ እንደሚያማልል ልንገራችሁ። ድምፁ ብቻውን ሰው ከቤት ያስወጣል። ሁለት እግር ሞተር አሸዋ ላይ ሲንገዳገድ እሱ ቀጥ ብሎ ያልፋል። ስትቆሙ እግር ማውረድ የለባችሁም፤ እላዩ ላይ እንደ ጌታ ተቀምጦ ሲጋራ መለኮስ ነው። ወንበሩ ባዶ ሲሆን ደግሞ ወደ ቀኝ በፍጥነት ስትታጠፉ የጎኑ ጎማ ከመሬት ይነሳል። መጀመሪያ ቀን ነፍሴ ልትወጣ ነበር፤ በወሩ ግን ሆን ብዬ እያነሳሁ በገበያው በር ማለፍ ጀመርኩ። ሻይ የሚጠጣው ሁሉ ብርጭቆውን አስቀምጦ ያየኛል። መታየት እንደ ጫት ሱስ ያስይዛል።

ጉድለቱም ብዙ ነው። ነዳጅ ስትሰጡት ወደ ቀኝ ይጎትታል፣ ፍሬን ስትይዙት ወደ ግራ ይወረወራል። ሁለት እግር ሞተር የለመደ ሰው ሰውነቱን አዘንብሎ ሊያጣጥፈው ቢሞክር ቀጥ ብሎ ቦይ ውስጥ ይገባል። ማታ ክንዳችሁን አዝሎ የሌላ ሰው ክንድ ያስመስለዋል። ቤንዚን ይጠጣል። ዋናውን ጉድለቱን ግን መካኒኩም አልነገረኝ፣ እኔም ዓመት ሙሉ ስነዳው አላየሁትም።

አንድ ነገር ደግሞ እኔ ራሴ ጨመርኩበት። ከነጂው ኋላ የነበረውን መቀመጫ አስነቅዬ በቦታው የነዳጅ ጀሪካን የሚታሰርበት ብረት አስበየድኩ። ለገጠር ጉዞ ያስፈልጋል ብዬ ነው፤ በሆዴ ግን መንገድ ላይ "አድርሰኝ" የሚለኝን ሁሉ ለመገላገል ነበር። ከዚያ ወዲህ በዚያ ሞተር ላይ ከእኔ ሌላ ሰው ሊቀመጥ የሚችለው የጎኑ ወንበር ላይ ብቻ ሆነ።

ያ ወንበር የጋሽ ጃማ ነበር። ጋሽ ጃማ የመሥሪያ ቤታችን አስተርጓሚ፣ መንገድ መሪ፣ ከብት በገመድ ጣይና አረጋጊ፣ ሁሉ ነገር ነው። ወደ ሃምሳ ይጠጋል፤ ቀጭን፣ ጺሙን በሂና ያቀላ፣ ከብትና ግመል ሲያረባ ኖሮ በድርቅ ከተማ የገባ ሱማሌ ነው። አምስት ልጆች አሉት። መጀመሪያ ሰሞን አንቱ ስለው "ስንት ሰው ሆንኩብህ?" ብሎ አስቆመኝ። አማርኛውን የተማረው ከወታደርና ከነጋዴ ስለሆነ ፊት ለፊት ነው የሚናገረው። እኔ ሱማሌኛ ከሰላምታ አላልፍም ነበርና በገጠሩ ያለ እሱ ዲዳ ነኝ። ወንበሩ ላይ የክትባቱን የበረዶ ሳጥን በእግሮቹ መሃል አድርጎ፣ በትሩን ይዞ ሲቀመጥ ያምርበት ነበር።

አሁን ስለ መንገዱ ልንገራችሁ። ጦርነቱ ሰዉን ይዞ ሲሄድ ፈንጂውን ትቶ ነው የሄደው። የት የት እንደተቀበረ የሚያውቁት ወይ ሞተዋል ወይ ሄደዋል። ስለዚህ ሕጉ አንድ ብቻ ነበር፤ ከባድ መኪና ያለፈበትን የጎማ ዱካ ሳትለቅ ሂድ። መኪናው ካለፈ መሬቱ ተፈትኗል ማለት ነው። ይህን ሕግ ሕፃን ልጅ ሳይቀር ያውቀዋል፤ እኔም እንደ አባታችን ሆይ ነበር የያዝኩት።

በሚያዝያ ወር አንድ ሳምንት ሙሉ ዘነበ። ወደ ደምበል በሚወስደው መንገድ ላይ ካለች አንዲት መንደር "ከብቶቻችን አለቁ" የሚል መልእክት መጣ። ደስታ የሚሉት በሽታ ነው፤ ይህን ስም ያወጣለት ሰው ምን ነክቶት እንደሆነ አላውቅም፤ የገባበትን በረት ባዶ ያደርጋል። ክትባቱ በረዶ ውስጥ ሆኖ በዚያው ቀን መድረስ አለበት። በጠዋት ሳጥኑን ጭነን ወደ ከተማው መውጫ ሄድን።

መውጫው ላይ ያለችው ሻይ ቤት ሹፌር ሞልቷታል። ከዝናብ በኋላ ማንም ቀድሞ መውጣት አይፈልግም። ዝናብ የድሮውን ዱካ ያጠፋል፣ የተቀበረውንም ያንቀሳቅሳል። አንዱ ረዳቱ እንደቀረበት ይናገራል፣ ሌላው ጎማ ይደበድባል፣ ሌላው ሦስተኛ ሻይ ያዛል። ሁሉም ሌላው እስኪወጣ ነው የሚጠብቀው፤ ይህን ግን አንድም ሰው በአፉ አይናገረውም። በመጨረሻ እህል የጫነ የጭነት መኪና ሹፌር ዕድሉን እየረገመ ተነሳና ሄደ። ሻይ ቤቱ ዝም አለ፤ ጆሮውን አቅንቶ። ምንም አልተሰማም።

"እንሂድ" አልኩ።

"ትንሽ እንቆይ፣ ዶክተር" አለ ጋሽ ጃማ።

"በረዶው ይቀልጣል።"

"ይቅለጥ። በረዶ ጅጅጋ ሞልቷል። እግር የት ይሸጣል?"

ሹፌሮቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ግማሽ ሰዓት ቆይተን ወጣን።

ጭቃው ላይ የመኪናው ሁለት ዱካዎች እንደ ሐዲድ ተዘርግተዋል። ሁለቱን ጎማዎቼን በግራው ዱካ ውስጥ አግብቼ ለቀቅኩት። ቀኑ ቀዝቀዝ ያለ፣ ሜዳው አረንጓዴ፣ እኔ ደስተኛ። ጋሽ ጃማ ጭቃው ሲረጨው ትከሻው ላይ ጣል ያደረገውን ሽርጥ ፊቱ ላይ ጠመጠመ። አንድ ሰዓት ያህል እንደሄድን ነዳጅ ከጀሪካኑ ልገለብጥ ዱካው ውስጥ አቆምኩ። እሱ ከወንበሩ በጥንቃቄ ወርዶ፣ በሞተሩ ኋላ ዞሮ የግራው ዱካ ውስጥ ቆመ። ወደ መጣንበት አቅጣጫ ለረጅም ጊዜ አየ።

"ወሪያ ዶክተር፣ ና እይ" አለኝ።

"ምኑን?"

በበትሩ ጠቆመ። የመኪናው ሁለት ሰፋፊ ዱካዎች ወደ ኋላ ተዘርግተዋል። የእኔ ጎማዎች በግራው ዱካ ውስጥ ናቸው። በሁለቱ መሃል ባለው፣ ማንም ባልረገጠው አፈር ላይ ደግሞ አንድ ቀጭን መስመር ብቻዋን እስከ አድማስ ትሄዳለች። የጎኑ ጎማ መስመር ናት። የእሱ ጎማ።

በትሩን አጋድሞ ለካ። የመኪናው ሁለት ዱካዎች የተራራቁ ናቸው፤ የሞተሬ ወርድ ግን ከዚያ ያንሳል። እኔ በዱካው ስሄድ የጎኑ ጎማ ሌላኛው ዱካ ጋ አይደርስም። በበጋ መንገዱ ሁሉ የተረገጠና የደረቀ ስለሆነ አይታይም ነበር። በከተማው ውስጥ ባለሦስት እግር ያለን እኛ ብቻ ነን፤ የሚነግረንም አልነበረም።

"ዓመት ሙሉ አንተ መንገድ ላይ ነህ፣ እኔ ሜዳ ላይ ነኝ" አለ። አልጮኸም።

"አላየሁም፣ ጋሽ ጃማ። በእግዚአብሔር አላየሁም።"

"እኔም አላየሁም።"

ምን ይደረግ? ለመመለስ ሞተሩን ማዞር አለብን፤ ለማዞር ደግሞ ከዱካው መውጣት። ከኋላዬ እንዳስቀምጠው መቀመጫውን ነቅዬዋለሁ። በእግር እንዳንሄድ ሃያ ኪሎ ሜትር ይቀራል፤ በረዶው ይቀልጣል፣ ከብቱም ያልቃል። ይህን ሁሉ አወራሁ። እሱ ጺሙን እያሻሸ ሰማኝና "ተራ እናድርግ" አለ።

"የምን ተራ?"

"የጉድጓድ ተራ። በእኛ አገር ውኃ ሲያንስ የእኔ ከብት ጠጥቶ ያንተ አይሞትም፤ ተራ አለ። የእኔን ጎማ በቀኙ ዱካ አስገባው። ያን ጊዜ ያንተ ጎማዎች መሃል ላይ ናቸው። እስከዚያ ግራር አንተ ሜዳ ላይ፣ ከግራሩ እስከሚቀጥለው ምልክት እኔ ሜዳ ላይ። እስካሁን የመጣነው የእኔ ተራ ይቆጠር።"

ደሜ ፈላ። "መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ! ፈንጂው እኔን ካገኘኝ አንተም አብረህ ትወድቃለህ።"

"እኔን ካገኘኝ ግን አንተ አትወድቅም" አለ። "ለዚህ ነው ተራ ያልኩህ።"

እሺ አልኩ። ሞተሩ ይጮኻል፣ እሱ ፊቱን ሸፍኗል፤ ስለዚህ ተራ በተቀየረ ቁጥር ጮክ ብዬ እንድናገር ተስማማን። ቀስ ብዬ መሪውን ወደ ቀኝ አዞርኩና ሁለቱ ጎማዎቼ ያ ያልተረገጠ አፈር ላይ ወጡ።

አንባቢዎቼ፣ ፍርሃት ምን እንደሆነ አውቃለሁ ብዬ አስብ ነበር። አላውቅም ነበር። ከፊቴ የሚመጣውን እያንዳንዱን ስንዝር መሬት በዓይኔ እበላዋለሁ። ጠጠሩ ሁሉ ፈንጂ ነው። እግሬን ከመርገጫው አንስቼ ወደ ላይ አጠፍኩት፤ የሚጠቅም ይመስል። ግራሩ ጋ ስንደርስ "ተራህ!" ብዬ ጮህኩ፤ ወደ ግራው ዱካ ስገባ ከእስር የተፈታሁ መሰለኝ። ሽርጡን ሳይገልጥ "ሃዬ" አለ፤ እሺ ማለቱ ነው። ከዚያ "ተራዬ!" አልኩና ደግሞ ወጣሁ። እንዲህ ሁለት ሁለት ጊዜ ተቀያየርን። በእሱ ተራ ሲጸልይ ከንፈሩ ሽርጡን ሲያንቀሳቅሰው አያለሁ። አንድም ጊዜ "ደረስን ወይ?" አላለኝም።

ሦስተኛው ተራዬ ከአንድ ደረቅ ወንዝ ተነስቶ እስከ አንድ ትልቅ ቀይ ኩይሳ ድረስ ነበር። ኩይሳው ከሩቅ ይታያል፤ አንድ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ግማሹን እንደሄድኩ እናቴ ትዝ አለችኝ። የሃያ አራት ዓመት ዕድሜዬ ትዝ አለኝ። "እሱ ኑሮውን ኖሯል" ብዬ አሰብኩ። ይህን ማሰቤን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ አሁን ግን ጻፍኩት። ወደ ወንበሩ ሰረቅ አድርጌ አየሁ። ፊቱ እንደተሸፈነ ነው። ነዳጁን ቀነስኩና፣ ምንም ሳልናገር፣ መሪውን በቀስታ ወደ ግራ ገፋሁት። ጎማዎቼ ዱካው ውስጥ ሸተት ብለው ገቡ። እፎይ አልኩ። ኩይሳው ከፊት ለፊታችን ነው።

መቶ ሜትር አልሄድንም።

ድምፁን አላስታውስም። የማስታውሰው ጭቃ አፌን ሞልቶት መሬት ላይ መገኘቴን ነው። ሞተሩ ወደ ግራ ተገልብጧል። የጎኑ ጎማ የለም። ፈንጂው ለሰው የሚቀበረው ትንሹ ዓይነት መሆኑን በኋላ ነገሩኝ፤ ትንሽ ባይሆን ሁለታችንም አንተርፍም ነበር። እኔ ላይ ከግንባሬ ጭረት ሌላ ምንም አልነበረም። በእኔና በፍንዳታው መሃል ጋሽ ጃማ ነበራ።

ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች እግር አልነበረም። ከብት የምንጥልበትን ገመድ አውጥቼ ጭኑን እስከቻልኩት አሰርኩት። ጎትቼ ዱካው ውስጥ አስተኛሁት። አልጮኸም። ፊቱ አመድ መስሎ፣ ዓይኑን ሰማይ ላይ ተክሎ ቆየና፦

"ዶክተር" አለኝ።

"አለሁ፣ ጋሽ ጃማ። አይዞህ።"

"ተራው የማን ነበር?"

ሁለት ቃል ነበር የሚበቃው። "የእኔ ነበር።" እነዚያ ሁለት ቃላት ጉሮሮዬ ድረስ መጡ። ከዚያ "የአንተ" አልኩት። "ጠራሁህ እኮ። አልሰማህም?"

ትንሽ አሰበ። "መሪው ሲዞር ተሰምቶኛል" አለ። "ሃዬ። ተራዬ ከሆነ የአላህ ነው።" ዓይኑን ጨፈነ፤ ፊቱም ላላ አለ። ያን የላላ ፊት ስንት ጊዜ በሕልሜ እንዳየሁት አልነግራችሁም።

ከዚያ በጀርባዬ ተሸክሜው በዱካው ውስጥ ወደ መጣንበት መሄድ ጀመርኩ። ሁለት ሰዓት ያህል ሄጄ፣ ወድቄ፣ ተነስቼ፣ በመጨረሻ ከሻይ ቤቱ የወጣ ሌላ መኪና አገኘን። ሹፌሩ ጅጅጋ ድረስ እየነዳ እንባውን ይጠርግ ነበር። "እንዳንተ ያለ ሰው አላየሁም" ይለኛል ደጋግሞ። ገመዱን ደግሜ አጠበቅኩ። ክትባቱ መንገድ ላይ ቀረ። የመንደሩ ከብት ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

እግሩ ተቆረጠ፤ እሱ ተረፈ። በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል ስገባ አልጋው በሽማግሌዎች ተከቧል። ወገኖቹ ነበሩ፤ ነገሩ እንዴት እንደሆነ ሊጠይቁ ነው የመጡት። በእነሱ ወግ ጥፋት ካለ አጥፊው በሽማግሌ ፊት ይናገራል። አንደኛው ሽማግሌ ወደ እኔ ዞሮ በሱማሌኛ አንድ ነገር ጠየቀኝ። በክፍሉ ውስጥ አማርኛ የሚችል ሌላ ሰው አልነበረም። ጋሽ ጃማ ትራሱ ላይ ቀና አለና፣ ሥራው ነውና፣ አስተረጎመልኝ።

"በማን ተራ ነው የሆነው? ይልሃል።"

"በጋሽ ጃማ ተራ" አልኩ፤ ወለሉን እያየሁ።

እሱ ያን በሱማሌኛ ነገራቸው። በራሱ አፍ፣ ቃል ሳይቀንስ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ከራሱ ጨምሮ ሌላ ብዙ ነገር ነገራቸው፤ አንድ በአንድ እየተነሱ እጄን ጨበጡኝ። "በጀርባህ እንደተሸከምከኝ ነግሬያቸው ነው" አለኝ።

የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ በስብሰባ ላይ አመሰገነኝ። የጋሽ ጃማ ሚስት ኸድራ ከቤቷ ባለፍኩ ቁጥር አስቁማ የግመል ወተት ታጠጣኛለች። ሰባት ወር ጠጣሁ። መካኒኩ የሞተሩን ወንበር ነቅሎ ሁለት እግር ሊያደርግልኝ ጠየቀኝ፤ አልነዳም አልኩት። ዝውውር ጠይቄ ደገሀቡር ሄድኩ፤ ከዚያም ወደ መሃል አገር።

ዘጠኝ ዓመት አለፈ። አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ሰው መሰልኩ። ይህ ነገር ግን አልለቀቀኝም። በገመድ እየለካሁ፣ በወረቀት ላይ እየሣልኩ ስንት ሌሊት አሳለፍኩ። ተራዬን ጠብቄ ቢሆን ኖሮ ጎማዎቼ የሚሄዱት የእሱ ጎማ ከሄደበት መስመር ሁለት ስንዝር ያህል ወደ ግራ ነበር። ፈንጂው ወይ እኔን ያገኘኝ ነበር፣ ወይም ሁለታችንም ሳንነካው እናልፍ ነበር። ሁለተኛውን ሳስብ ይብስብኛል። ንስሐ አባቴ "ለሰውየው ንገረው" አሉኝ። ለሥራ ጅጅጋ የምሄድበት ቀን ሲገጥም ወሰንኩ። አውቶቡሱ ውስጥ ንግግሬን አጠናሁ፤ ይቅርታ እንደሚያደርግልኝ እርግጠኛ ነበርኩ፤ ምክንያቱም ደግ ሰው ነው።

ቤቱ በር ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ክራንቹ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ጺሙ አሁንም ቀይ ነው። ሲያየኝ "ዶክተር!" ብሎ በአንድ እግሩ ሊነሳ ሞከረ። ኸድራ ወጥታ እልል አለች። ትልቁ ልጁ አስተማሪ ሆኗል፤ እሱም ተጠርቶ መጣና ትከሻዬን ሳመኝ። "አባታችንን የሰጠን አላህና አንተ ናችሁ" አለኝ። ሻይ ሊያፈሉ፣ እህል ሊገዙ ተበታተኑና ቤት ገብተን ሁለታችን ብቻ ቀረን።

ነገርኩት። ያጠናሁትን ንግግር ረሳሁት። "ያን ቀን ተራው የእኔ ነበር። ኩይሳው ጋ አልደረስንም። ፈራሁና ወደ ዱካው ገባሁ። አልጠራሁህም። ስትጠይቀኝ ዋሸሁህ። በሽማግሌዎቹም ፊት ዋሸሁ።" እያለቀስኩ ነበር የምናገረው።

ጋሽ ጃማ የተቆረጠውን እግሩን በመዳፉ ያሻል።

"ለምን ነገርከኝ?" አለ።

"እውነቱን እንድታውቅ ብዬ ነዋ።"

"እውነቱን አንድ ጊዜ ጠየቅኩህ፤ መሬት ላይ ተኝቼ። ያን ጊዜ ብትነግረኝ እሰድብህ ነበር፣ እመታህ ነበር። ፈርተህ ነው፤ እኔም እፈራ ነበር። ሽማግሌ ያስታርቀን ነበር፤ ያልቅ ነበር።" ድምፁ አልከረረም። "ዘጠኝ ዓመት ግን ተራዬ ነበር ብዬ ተኛሁ። እግሬን የወሰደው አላህ ነው ብዬ ተኛሁ። አንድ ቀን ከማንም አልተጣላሁም። ዛሬ መጥተህ አላህ ሳይሆን አንተ መሆንህን ትነግረኛለህ። አሁን በሌላ እንቅልፍ ልተኛ ነው? ለአንተ ቀለለህ፤ እኔስ?"

"ይቅር በለኝ፣ ጋሽ ጃማ።"

"አላውቅም" አለ። "ወላሂ አላውቅም። ዛሬ ነው የሰማሁት።"

ኸድራ በወተት የተፈላ ሻይ ይዛ ገባች። የእኔን እርጥብ ዓይን አየችና በሱማሌኛ ጠየቀችው። አጭር መልስ ሰጣት። እሷም ፈገግ ብላ ብርጭቆውን በሁለት እጇ አቀበለችኝ።

"ምን አልካት?" አልኩት ስትወጣ።

"የድሮውን እያነሳን ነው አልኳት። እሷ አትስማ። ልጆቼም አይስሙ። እነሱ አባታቸው በተራው እግሩን የሰጠ ሰው ነው ብለው ነው ያደጉት። በዚህ ዕድሜዬ የተታለለ ሰው አልሆንባቸውም።" ወደ ብርጭቆው በአገጩ ጠቆመኝ። "ጠጣ። ካልጠጣህ ትጠይቀኛለች።"

ጠጣሁ። ከእነሱ ጋር ምሳ በላሁ። ልጁ ያን በጀርባ የመሸከሜን ታሪክ እንድነግራቸው ለመነኝና፣ ጋሽ ጃማ እየሰማኝ፣ ነገርኳቸው።

አንባቢዎቼ፣ እናንተ ምን ታደርጉ እንደነበር አልጠይቃችሁም፤ ቤታችሁ ተቀምጣችሁ ብትመልሱልኝ አላምናችሁም። እኔ ስለ ራሴ የተረዳሁት ይህን ነው። ያን ቀን መንገድ ላይ ሕይወቴን ለማትረፍ እሱን ሜዳ ላይ ተውኩት። በዘጠኝ ዓመቱ ደግሞ ሕሊናዬን ለማትረፍ ሄጄ ያንኑ ደገምኩት። ሁለተኛው ላይ ፈርቼ ነው የሚል ምክንያት እንኳ የለኝም። ተናዝዤ ቀለለኝ የሚሉ ሰዎችን ስሰማ ማን ላይ አራገፋችሁት ብዬ መጠየቅ ያምረኛል። እውነት መናገር ሰዓት አለው፤ የእኔ ሰዓት ጭቃው ላይ ሆኖ ሲጠይቀኝ ነበር፤ አሳለፍኩት።

ባለፈው ወር ልጁ ደብዳቤ ጻፈልኝ። ጋሽ ጃማ አርፏል። ከመሞቱ በፊት ስሜን አንስቶ እንደሆነ ልጁ አልጻፈም፤ እኔም አልጠይቅም። ለመቃብሩ የሚሆን አንድ ቃል ስለ አባቱ እንድጽፍለት ግን ለምኖኛል፤ "ያን ቀን አብረኸው የነበርክ አንተ ብቻ ነህ" ይላል።

ሦስት ቀን ወረቀቱ ጠረጴዛዬ ላይ ሰነበተ። በአራተኛው ቀን "አባትህ ተራውን የጠበቀ ሰው ነበር" ብዬ ጻፍኩ። ይህ እውነት ነው፣ ምንም ውሸት የለበትም። ስለ እኔ ተራ ግን ለልጁ አልጻፍኩም።